ከጉማራ ማዶ

ደብረ ታቦር
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባ ኪዳነ ማርያም፣ ለእኔ ግን ዛሬም ለአባቴ ለሞላ ገሰሰ
ዋልድባ ገዳም

አባዬ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ።

ቆላው እንዴት ይዞዎታል? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት ለቀቀዎት ወይስ እዚያም ድረስ ተከተለዎት? ከሄዱ ወዲህ የእጅዎን ጽሕፈት አይቼ አላውቅም። መኖርዎን የምሰማው ከገዳም ከሚመለሱ ሰዎች ነው። አምና አንድ መነኩሴ በዚህ በኩል ሲያልፉ ደብረ ታቦር አድረው ነበርና «የጉናው ሰው ደህና ናቸው፣ በርበሬ የማይገባበት የገዳሙ ምግብም ተስማምቷቸዋል» ብለው ነገሩን። ዓለምነው ሳቀ። «ያለ በርበሬ ድንች አይወርድልኝም ይሉ የነበሩት አባዬ?» አለ። እኔም ሳቅሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ይሻው ነው፤ ከእኛ በታች ያሉት የአያ ሙላቴ ልጅ። ስእለት አለብኝ ብሎ በእግሩ ሊመጣ ተነሣ። ሲደርስ አንድ ነገር እንዲያደርግ ለምኜዋለሁ፤ ደብዳቤውን ሰጥቶዎት እንዳይሄድ፣ አንብበው እስኪጨርሱ አጠገብዎ እንዲቀመጥ። እባክዎ ሂድ አይበሉት።

አባዬ፣ ዓለምነው አርፏል። ሚያዝያ 26 ቀን፣ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ደጅ ተቁሞ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚነገረው። አንቱ ራስዎ በየሰው ደጅ ስንቴ ቆመዋል። እኔ ግን የምልከው ሽማግሌ አጣሁ። መንገዱ ጥቂት ቀን ይከፈትና መልሶ ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው ነው። ደግሞ አንቱ ሲመነኩሱ እንደ ሙት ተገንዘው ፍትሐት እንደተደረሰልዎ፣ ለዚህ ዓለም እንደሞቱ ነው የነገሩን። ለሞተ ሰው የሞት ወሬ እንዴት እንደሚነገር ቄሱን ብጠይቃቸው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ቶሎ የጻፍኩት ከእኔ ቀድሞ ሌላ ሰው እንዳይነግርዎ ብዬ ነው። እዚህ ስለ እኔ የሚወራ ነገር አለ። «ወንድሟን በረሃ ላይ ጥላ ሮጣ፣ ሜዳሊያ አጠለቀች» ይላሉ። እህትዎ ጥሩወርቅ ለቅሶው ላይ እጄን አልጨበጠችኝም። አንቱ ሲሄዱ «ወንድምሽን አደራ» እንዳሉኝ እሷም ሰምታለች። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልንገርዎ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈረዱ ይፍረዱ።

አንቱ ሲሄዱ ዓለምነው ባሕር ዳር ክለብ ውስጥ ነበር። ትልቅ ሯጭ ይሆናል ይሉት ነበር፤ እሱም አምኖ ነበር። ከዚያ ቋንጃው ተጎዳ። ሲጠብቁት ሲጠብቁት አልድን ሲል ክለቡ አሰናበተው። ቋንጃው የዳነው አገሩ ከተበጠበጠ፣ ውድድሩም ሁሉ ከቆመ በኋላ ነው። ጓደኞቹ ከፊሉ ጫካ ገባ፣ ከፊሉ በሱዳን በኩል ወጣ፣ ከፊሉን ቀበርን። እሱ እኔ የተከራየኋት ክፍል መጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አስተምሬ ስመለስ እንደተኛ ነው። ያቀረብኩለት ምሳ እንደተከደነ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ትንፋሹን ለመስማት አልጋው ላይ ጎንበስ ያልኩበት ጊዜ ነበር።

እንዲህ ባለበት ሰሞን ነው የሩጫው ማስታወቂያ የተለጠፈው። ከደብረ ታቦር ሐሙሲት፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር፣ በእግር መንገድ ብቻ። ከማራቶን ይረዝማል። አስፋልት የሚባል ነገር አይነካም፤ ጋራ ወጥቶ ጋራ መውረድ ነው። የጸጥታው ነገር ረገብ ያለ መስሎ ስለነበር ከተማው ደስ አለው።

«ልመዘገብ ነው» አልኩት።

«ምን ላይ?»

«ሩጫው ላይ።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። «አንቺ? አንቺ እኮ ዳገቷን ወጥተሽ እዚህ እስክትደርሺ ታለከልኪያለሽ።»

«ታዲያ አሠልጣኝ ፈልግልኛ።»

በማግስቱ ማለዳ የአልጋዬን እግር በእርግጫ መትቶ ቀሰቀሰኝ። «ተነሺ፣ ሯጭ!» አለኝ። እሱም ቁምጣውን ለብሶ ነበር።

አባዬ፣ ያን ክረምትና በጋ ወንድሜን መልሼ አገኘሁት። ወደ ጉና አቅጣጫ እንወጣለን፤ የገብሱ ማሳ ላይ አመዳይ ተጋግሮ፣ ጣታችን እስኪደነዝዝ። «እያወራሽ መሮጥ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው» ይለኛል፤ ስለዚህ እያወራን እንሮጣለን። ስለ እናታችን ያወራነው ያን ጊዜ ነው። ስለ አንቱም። አንድ ቀን ዳገት ላይ «አባዬ የሄዱት እኛን ጠልተው ይመስልሻል?» አለኝ። «ለነፍሳቸው ነው የሄዱት» አልኩት። ትንሽ ሮጠና «የእኛስ ነፍስ?» አለ። መልሴን አልጠበቀም፤ ጥሎኝ ወደ ላይ ፈተለከ። ዐቢይ ጾምንም እየጾምን አንድ ቀን ልምምድ አላቋረጥንም። እሱም እንዲህ ያለ ረጅም ሩጫ ሮጦ አያውቅም፤ ለሁለታችንም የመጀመሪያችን ነበር። ግን «ይኼ ለእኔ የተሠራ ነው፣ ፍጥነት ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚፈልገው» ይል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብንም። የተለማመድነው በሙሉ በብርድ ነው።

የሩጫው ቀን ጠዋት ደብረ ታቦር እንደ ልማዷ ትበርድ ነበር። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሊሸኝ ወጥቷል። ዓለምነው ተንበርክኮ የጫማዬን ክር ደግሞ ቋጠረልኝ። «እኔ ከፊት ነኝ። አንቺ ማንንም አትከተዪ፣ የራስሽን ሩጪ። ሐሙሲት ቀዝቃዛ ለስላሳ ይዤ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ቢያዩት ኖሮ አባዬ! ያን ቀን የሞተው ሰው ታሞ ወይም ተርቦ ወይም ተከፍቶ አልነበረም። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች እልል እያሉ ያሳልፉናል። ቁልቁለቱን በወረድን መጠን ግን አየሩ እየተለወጠ መጣ። የባሕር ዛፉ ጥላ አለቀ። ከፊት የሚመጣው ነፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር። ድንጋዩ በጫማዬ ሥር ይሰማኛል። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው «እንዲህ ያለ ፀሐይ አይተን አናውቅም» ይሉ ነበር። የምወርደው ቁልቁለት ሲያልቅ ሌላ ዳገት ይነሣል፤ እሱን ስወጣ ሌላ ቁልቁለት። ጭኔ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው ጥላ ፈልጎ መንገድ ዳር ተቀምጦ ማየት ጀመርኩ።

ጉማራ ወንዝ ስደርስ የውኃ ማደያ ጠረጴዛው አለ፤ ውኃ ግን የለም። አንዲት የአስተናጋጅ ሰደርያ የለበሰች ልጅ ብቻዋን ቆማለች።

«መኪናው አልደረሰም፤ መንገድ ላይ አስቁመውታል አሉ» አለችኝ። ልታለቅስ ደርሳ ነበር።

«የቀደሙትስ?»

«እነሱም ሳይጠጡ አለፉ።»

ወንዙ ጎድሎ ድንጋይ ለድንጋይ ይሄዳል። እየጨለፍኩ ራሴ ላይ አፈሰስኩ፣ ጠጣሁም። የያዝኩትን ጠርሙስ ሞልቼ ተሻገርኩ። ከጉማራ ማዶ ያለው ዳገት አንድም ዛፍ የሌለበት፣ ገላጣ፣ ነጭ ድንጋይ ነው። ሩጫ አልነበረም፤ ጉልበቴን በእጄ እየገፋሁ ነበር የምወጣው። ከፍ ስል መንገዱ መሐል የተቀመጠ ሰው አየሁ። ማልያውን ለየሁት።

ከፊት መሆን የነበረበት ወንድሜ ነው።

«ዓለምነው! ምን ሆነህ ነው?»

«ሰዎቹ ከፊት ናቸው። ልደርስባቸው ነው» አለኝ። ምላሱ ተሳስሯል። ክንዱን ያዝኩት፤ ላብ የሚባል የለውም፤ ደረቅ ነው፤ ያቃጥላል። ጠርሙሱን አፉ ላይ ብይዝለት በእጁ መታው። ተነሣና መሮጥ ጀመረ፤ ወደፊት ግን አልነበረም፤ ወደመጣንበት ነበር።

«ወዴት ነው? ሐሙሲት በዚህ ነው!»

«ጉና በዚህ ነው» አለ ተቆጥቶ።

እውነቱን ነው፤ ጉና በዚያ ነበር። ጥቂት ሮጦ እግሮቹ ተጠላለፉና በግንባሩ ወደቀ።

ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ አንድ ሾላ ነበር። በብብቱ ይዤ እየጎተትኩ ከሥሩ አስገባሁት። ውኃውን ደረቱና አንገቱ ላይ አፈሰስኩ፤ ወዲያው አለቀ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። በዚህ ላይ ሳለሁ ፋሲል የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር እየሮጠ ደረሰ፤ ደብረ ታቦር እንተዋወቃለን። ቆመ፣ የቀረችውን ውኃ ሰጠኝ፣ ዓለምነውን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንቺ ከእሱ አትለዪ። እኔ ሐሙሲት ደርሼ አምቡላንስ አስልካለሁ» አለኝና ሄደ።

አመንኩት። ደግ ሰው ነው፣ ዛሬም አምነዋለሁ። ስለዚህ ጠበቅሁ። የሾላው ጥላ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው እስኪዞር ድረስ፣ ወንድሜን ከጥላው ጋር እያንቀሳቀስኩ ጠበቅሁ። በየመሐሉ ይቃዣል። «ስንተኛ ነኝ?» ይለኛል። «አንደኛ ነህ» እለዋለሁ። የመጣ አምቡላንስ የለም። ያለፈም ሯጭ አልነበረም፤ ከኋላ የነበሩት ለካ ጉማራ ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል።

ጩኸቴን ሰምታ ትእዛዝ የምትባል የዚያው አገር ሴት በጀርባዋ ውኃ አዝላ መጣች። አየችው፤ ጀሪካኗን አውርዳ ነጠላዋን ነክራ ሸፈነችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰው ልከሻል?»

«ልኬ ነበር። ቀረ።»

«እንግዲያ አንቺው ሂጂ። ባሌንና ጎረቤት ጠርቼ በቃሬዛ ተሸክመን እንከተልሻለን። እስከዚያ ውኃውን አላቋርጥበትም።»

«ጥዬው?»

«ከእኔ ጋር ነው የምትተዪው። እኔም ወላድ ነኝ። ሂጂ በይ!»

ጥዬው ሄድኩ የሚሉት ይህን ነው አባዬ። ግንባሩን ሳምኩት። ከንፈሬን አቃጠለኝ። ተነሥቼ ሮጥኩ።

ያን ያህል ፈጥኜ ሮጬ አላውቅም፤ ወደፊትም አልሮጥም። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ፀሐዩ፣ ምን እንደነበር አላስታውስም። ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ ነበር፤ መውደቄን ያወቅሁት በማግስቱ ደሙን አይቼ ነው። የማስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ከአፌ የሚወጣው ድምፅ። ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» እያልኩ ነበር ለካ።

ሐሙሲት ድንኳን ተተክሎ ሙዚቃው በድምፅ ማጉያ ይጮኻል። የሕዝቡ ብዛት! ብቅ ስል ልጃገረዶች እልልታውን አቀለጡት። «ወንድሜ! መኪና!» ብዬ እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙኝ። አንዱ አንገቴ ላይ ሜዳሊያ አጠለቀ። ማይክሮፎን የያዘው «ከሴቶች ሦስተኛ! ከደስታዋ ብዛት ታለቅሳለች፣ እዩዋት!» ይላል። ፎቶ አነሡኝ። አፌን ከፍቼ፣ ሜዳሊያው ደረቴ ላይ። ኔትወርክ ሲከፈት አገር ምድሩን ያዳረሰው፣ ጥሩወርቅም ያየችው ያን ፎቶ ነው።

ማይክሮፎኑን ከሰውየው እጅ ነጠቅሁ። «ወንድሜ እየሞተ ነው!» አልኩ። ያን ጊዜ ሙዚቃው ቆመ።

አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሄዷል። ፋሲልን ከድንኳኑ ጀርባ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት አየሁት። የመጨረሻው ዳገት ላይ ራሱን ስቶ ወድቆ በበቅሎ ነው ያመጡት፤ ለማንም አንድ ቃል ሳይናገር። ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ሲሳይ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር «ውረዱልኝ» ብሎ ተሳፋሪውን አወረደና በጥርጊያ መንገዱ ይዞኝ በረረ። መንገዱ የሚያልቅበት ስንደርስ እነ ትእዛዝ ከጋራው ሲወርዱ አየናቸው። አራት ሰዎች ቃሬዛውን ተሸክመው ይሮጣሉ። የትእዛዝ ባል አያ ተስፋነህ፣ አንቱን የሚያህሉ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ ዘርግተው ፀሐይ እንዳይነካው ከጎን ከጎኑ ይሮጣሉ። ትእዛዝ ከኋላ ጀሪካኑን ይዛለች። አልዋሸችኝም፤ ነጠላው እርጥብ ነበር።

ዶክተሩ በኋላ የሐሩር ምት ነው አለኝ፤ ሰውነቱ ከውስጥ እንደተቀቀለ፣ ቀድሞ ቢደርስም ይድን ነበር ብሎ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል። አዘጋጆቹም ለቅሶ መጥተው «ፀሐዩ እንዲህ ይሆናል ብለን አልገመትንም» አሉ። ማንንም አልተሳደብኩም። ከእናታችን ጎን ነው ያስቀበርኩት። ትእዛዝና አያ ተስፋነህ ከዚያ ሁሉ ርቀት ተነሥተው ጉና ድረስ መጥተው አፈር አልብሰውታል። ያየሁትን ያየ ሌላ ሰው ከፈለጉ እነሱን ይጠይቁ።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር።

ወደ ባሕር ዳር ስንበር ኬላ ላይ ወታደሩ ወደ ውስጥ አየና ምንም ሳይጠይቅ ገመዱን ጣለልን። ከዚያ ትንሽ እንደሄድን ዓለምነው ዓይኑን ገለጠ። እግሩን እኔ ታቅፌያለሁ፤ ራሱ አያ ተስፋነህ ጭን ላይ ነው። ነጭ ጺማቸውን አተኩሮ አየ።

«አባዬ፣ መጡ?» አለ።

አያ ተስፋነህ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው «አዎ ልጄ፣ መጣሁ። አለሁ» አሉት።

«በእግርዎ?»

«በእግሬ።»

«ይረፉ እንግዲህ» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

በአንቱ ስም ሌላ ሰው ሲመልስለት ዝም ብያለሁና ይቅር ይበሉኝ። ደስ ብሎት እንደሄደ ግን አይቻለሁ።

አርባው ሰኔ 5 ቀን ነው። በጸሎትዎ ሲያስቡት የክርስትና ስሙ ወልደ ጻድቅ ነው። አንቱ ያወጡለት ስም ነው፣ አይረሱትም፤ ግን ጻፍኩት።

ከደባርቅ ጎንደር መኪና አለ አሉ። ከጎንደር ወረታ ይወርዳል፤ ከወረታ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር ሚኒባስ አይጠፋም። እኔ ያለሁት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው፤ መምህርት ፈንታነሽ ቢሉ ሕፃኑ ሁሉ ያሳያል። ይሻው ሲመለስ መንገዱ እንዳይጠፋበት ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ይምጡ ማለቴ አይደለም።

ጸሎትዎ ይጠብቀኝ። ከቀረችኝ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቱ ይጨምርልኝ። ሌሊቱ እንዳይበርድዎ፣ ጉልበትዎን ሸፍነው ይተኙ።

ልጅዎ
ፈንታነሽ ሞላ